በኪሎ መጥተው በኪሎ ሄዱ

መጽሐፍ መሰብሰብ እንዴት ደስ እንደሚያሰኝ የጻፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። መጽሐፍ ከቤት ማስወጣት ምን ያህል ጣጣ እንዳለው የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ምናልባት ነገሩ የሚያሳፍር ሆኖ ይሆናል። እኔም አፍሬ ወራት ካሳለፍኩ በኋላ ነው ብዕር ማንሣቴ። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ፍርዳችሁን እስከ መጨረሻው አቆዩልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ለልማት ስለተፈለገ ወላጆቼ ወደ ኮንዶሚኒየም እንዲዛወሩ ሆነ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። አሳንሰር የለውም። የድሮው ቤታችን የጭቃ ቤት ይሁን እንጂ ጥበት አያውቅም ነበር፤ ጓዳ አለው፣ ሰርቪስ አለው፣ ከሰርቪሱ ጎን ደግሞ አባቴ ጣውላና ቆርቆሮ እያጠራቀመ የሠራት አንዲት ክፍል ነበረችው። «የአባባ ክፍል» እንላታለን። እዚያች ክፍል ውስጥ፣ በኋላ ስቆጥራቸው፣ 1164 መጻሕፍት ነበሩ።

እናቴ አዲሱን ቤት አይታ የመጣች ዕለት ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ፍርዷን ሰጠች። «ብፌው አይገባም። ቁም ሣጥኑም አይገባም። እነዚያ መጻሕፍት የሚገቡ ከሆነ እኔ ደረጃው ላይ ማደሬ ነው።» ከብዙ ድርድር በኋላ 60 ፈቀደች። ከ60 አንዲት ብትበልጥ ወዮልኝ።

አባቴ ምንም አላለም። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ዕድሜው ሰባ ሦስት። ግላኮማ የሚሉት የዓይን ሕመም ብርሃኑን ቀስ በቀስ ወስዶበት ማንበብ ካቆመ አራት ዓመት ሆኖታል። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ክፍሏ ይገባና መጻሕፍቱን በእጁ ይዳስሳቸዋል። አንዱ ከቦታው ተነሥቶ እንደሆነ ጣቱ ወዲያው ያውቃል። «ይኼ እዚህ ምን ይሠራል? ማነው የነካው?» ይላል። የነካሁት እኔው እሆናለሁ።

ከጥቂት ቀናት ዝምታ በኋላ ጠራኝና አንዲት ነገር ብቻ ነገረኝ። «መውጣታቸው ካልቀረ ይውጡ። ብቻ እንዳይጣሉ። የሚያነባቸው ሰው ዘንድ ይሂዱ።»

ጣጣ ውስጥ የከተተችኝ ይህች ቃል ናት።

* * *

መቼም ከሩቅ ሲያዩት መጽሐፍ ሁሉ አንድ ይመስላል። መልኩ የሚለየው ወለል ላይ አውርደው በየዓይነቱ ሲከምሩት ነው።

ትልቁ ክምር የዘመነ ደርግ ነበር። በዚያ ዘመን በሞስኮ የሚገኘው ፕሮግሬስ አሳታሚ ድርጅት የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ሥራዎች በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያሳትም ነበር፤ ጥራዙ ጠንካራ፣ ዋጋው ርካሽ። በእንግሊዝኛ የታተመው የሌኒን ሥራዎች ስብስብ 45 ቅጽ ሲሆን እኛ ቤት 38ቱ ነበሩ። ከዚያ ቀጥሎ የፖለቲካ ኢኮኖሚ መማሪያዎች፣ የ«የካቲት» እና የ«መስከረም» መጽሔት ቅጾች፣ በሲባጎ የታሠረ «ሠርቶ አደር» ጋዜጣ። ሁለተኛው ክምር ሥርዓተ ትምህርቱ ሦስት አራት ጊዜ የተለወጠባቸው የተማሪ መጻሕፍት ነበሩ። ሦስተኛው ልዩ ልዩ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ቅጽ ሰባቱ ብቻ ያሉት ኢንሳይክሎፒዲያ፣ ሽፋናቸው የወለቀ መዝገበ ቃላት፣ ከየስብሰባው ተሸክሞ የመጣቸው ሪፖርቶች። ትንሹ ክምር ደግሞ ሰው የሚወደው ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ኩራዝ አሳታሚ ያወጣቸው ልብ ወለዶች፣ የበዓሉ ግርማ መጻሕፍት።

ስከምር አንድ ነገር ታዘብኩ። አባቴ በየመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በሰማያዊ ብዕር የገዛበትን ቀንና ዋጋ ይጽፋል። በብዙዎቹ ላይ ግን የተጻፈው ዋጋ እንግዳ ነው። «ሐምሌ 1983፣ ግማሽ ኪሎ» ይላል አንዱ። «ነሐሴ 1983፣ አንድ ኪሎ ከሩብ» ይላል ሌላው። ስኳር ሲገዛ መጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ይዞ ይሆናል ብዬ ሳቅሁና አለፍኩ። ከመስኮቱ ሥር ባለው ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ በነበሩት ላይ ደግሞ ከቀኑ በታች አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ «አደራ»። እሷንም አላስተዋልኳትም። ሰው ሲቸኩል ከፊደል ይልቅ ብዛት ነው የሚታየው።

* * *

አንባቢ ፍለጋው ከወዳጆች ተጀመረ። አንዱ ጓደኛዬ ሦስት መጽሐፍ ወሰደ፤ እሱም ይሉኝታ ይዞት ይመስለኛል። ካፌ የከፈተች አንዲት የማውቃት ልጅ መጥታ በቁመትና በቀለም እየለካች 22 መረጠች። የምትፈልገው ቀያዮቹን ነው። ርዕሳቸውን አልጠየቀችም። አሁን የማርክስ መጽሐፍ ማኪያቶ ከሚጠጡ ወጣቶች ራስ በላይ በሽቦ ታስሮ ይገኛል። የእኅቴ ልጅ ደግሞ ስልኩን እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ የሚነበበው ሁሉ እኮ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ አለ። እነዚህን ምን ያደርጉልሃል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ለትምህርት ቤት መስጠትን አሰብኩ። ይህ የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ጽድቅም አለው፣ ቤትም ያጸዳል። በሰው በሰው የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስልክ አገኘሁና ደወልኩላት። ትሑት ሴት ናት። መጀመሪያ ዝርዝሩን ጠየቀችኝ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ጽፌ ላክሁላት። በማግስቱ ደወለች።

«ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ልክ ልኩን ልንገርዎት። ልጆቻችን አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት ነው የሚካፈሉት። ያሉን መደርደሪያዎች አራት ናቸው። አምና የተላከልን አሮጌ መጽሐፍ ገና ከካርቶን አልወጣም፤ አይጥ ነው የሚያነበው። አሁን የሚልኩልን ለልጆቹ ነው ወይስ ከቤትዎ እንዲወጣልዎት?»

ምን ልበላት? ዝም አልኩ። እሷ ግን አላሳፈረችኝም። ከዝርዝሩ 18 መረጠች፤ መዝገበ ቃላቶቹንና ጥቂት ልብ ወለዶችን። «እነዚህን ልጆቹ ይሻሙባቸዋል» አለች። የቀረውን በትሕትና መለሰችልኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «መጽሐፍ ለገስን» የሚል ዜና ስሰማ የዚያች ሴት ጥያቄ ይመጣብኛል። የማይፈለግ መጽሐፍ መስጠት ሸክሙን ከራስ ትከሻ አውርዶ በሌላው ትከሻ መጫን ነው። የሚጥለው ሰው እንዲለወጥ እንጂ መጽሐፉ እንዳይጣል አያደርግም። ልዩነቱ ሰጪው ምስጋና ሲያተርፍ ተቀባዩ ኃጢአቱን መውረሱ ነው።

ቀጥዬ ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሄድኩ። በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ያልገዛሁበት ጥግ የለም፤ ስሸጥ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። አንዱ ቤት ድረስ መጣልኝ። ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 47 መጻሕፍት ለይቶ ወደ ጎን አደረገ። ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበውን «ኦሮማይ»ን ነው። የመጽሐፉ ደራሲ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሻጩ መጽሐፉን እያገላበጠ ፈገግ አለ።

«ሌሎቹስ?» አልኩት ወደ ትልቁ ክምር እያመለከትኩ።

«ሌኒን አይሄድም። በነፃ ብትሰጠኝም የማሳድርበት ቦታ የለኝም። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ እኛስ መች ቦታ አለን?»

እሱ ከሄደ በኋላ ክምሮቹን እያየሁ አንድ ነገር ገረመኝ። መንግሥት ይጥፋ ያለው መጽሐፍ ዛሬ በውድ ዋጋ ይፈለጋል፤ መንግሥት ይነበብ ብሎ በየስብሰባው ያደለው ግን በነፃም የሚያነሣው አጣ። ለመጽሐፍ መንግሥት ከመውደዱ መጥላቱ ሳይሻል አይቀርም።

* * *

ቀኑ ቀረበ። ዕቃ ሊጫን ስምንት ቀን ሲቀረው ገና ከአንድ ሺህ በላይ መጻሕፍት ወለሉ ላይ ነበሩ። አባቴ ግርግሩ እስኪያልፍ ታላቅ እኅቴ ዘንድ ሄዶ ነበር። እናቴ አታወራም፤ ብቻ በበሩ ባለፈች ቁጥር ክምሩን አየት ታደርጋለች።

በአንድ ማክሰኞ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በሰፈሩ ተሰማ። ስንት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው። ያን ዕለት ግን እኔን የጠራኝ መሰለኝ። ወጣሁና አስገባሁት።

ወጣት ነው። ጓደኛውንና አንድ ጋሪ ጨምሮ ተመለሰ። ማዳበሪያዎቹን ዘረጉ። ጠንካራ ሽፋን ያላቸውን መጻሕፍት ሽፋናቸውን እየገነጠሉ ለብቻ ይጥላሉ፤ ካርቶኑ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ ነው የሚሸጠው። የጥራዝ ክር ሲበጠስ የሚያሰማውን ድምፅ እስከዚያን ቀን አላውቀውም ነበር። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ወረቀት ፈላጊው እንደበዛ አጫወተኝ። ሌኒን ብቻውን 27 ኪሎ መዘነ። ሁሉም ተደምሮ 1014 መጻሕፍት፣ 487 ኪሎ። የአንዱ ኪሎ ዋጋ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት አይገዛም።

ወጣቱ ገንዘቡን እየቆጠረ ቀና ብሎ አየኝ።

«አባትህ ዐረፉ እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ናቸው! ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሲሞት ነው ብዬ ነው» አለና ጋሪውን ገፍቶ ሄደ።

ቃሉ ከጋሪው ይልቅ ከበደኝ። በእኛ አገር መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ብራና ነበር። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፋቃል፤ ጸሐፊው ወራት ይቀመጥበታል። እንዲህ ያለ ነገር አይጣልም፤ ይወረሳል፣ ይሳማል፣ በማኅደር ይሰቀላል። ማተሚያ መኪና መጥቶ መጽሐፍ ቢበዛም ልባችን ገና ከብራናው ዘመን አልወጣም። ስለዚህ የማናነበውን መጽሐፍ እንኳ ስንጥል አንዳች ነፍስ ያለው ነገር የገደልን ይመስለናል።

በሳምንቱ አባቴ አዲሱ ቤት ገባ። አራት ፎቅ ደረጃ በእጄ ተደግፎ ሲወጣ በየማረፊያው ቆመን ተንፍሰናል። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ጠየቀኝ።

«መጻሕፍቱስ?»

«ገጠር ላለ ትምህርት ቤት ተሰጡ፣ አባባ።»

ፊቱ በራ። ለ18ቱ እውነት ነው። ለ1014ቱ ግን ነጭ ውሸት ነበር።

* * *

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አበው። የእኔው ግን እያደር ከበደ። አባቴ ለአዲሶቹ ጎረቤቶች ነገራቸው። ለጡረተኛ ጓደኞቹ በስልክ ነገራቸው። «ልጄ በከንቱ አልጣላቸውም፤ ገጠር ሰደዳቸው» ይላል። እናቴ ሁሉን ታውቃለች፤ ስኒ ታጥባለች እንጂ አትናገርም። አንዳንዴ ግን በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ታየኛለች። ከብዙ ተግሣጽ ያ አስተያየት ይበልጣል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ «ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ፤ ለተማሪዎቹ ደብዳቤ እንጽፋለን» አለኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። መምህር አይደል? ድምፁ የክፍል ድምፅ ሆነ።

«ውድ ተማሪዎች፤ እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት አይደለም። ጻፍክ? እኔም ወጣት ሳለሁ ሁሉም እውነት ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ሁሉም ውሸት መሰለኝ፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። የተስማማችሁበትን አንድ ጊዜ አስምሩበት፤ ያልተስማማችሁበትን ሁለት ጊዜ አስምሩበት። መጽሐፉ ይበላሻል ብላችሁ አትፍሩ…»

እዚህ ላይ እጄ ቆመ።

«ጻፍክ?»

«አባባ…»

«ምነው?»

ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ካፌዋን፣ የቤተ መጻሕፍቷን ሴት፣ ሻጩን፣ ቆራሌውን፣ የጥራዙን ክር ድምፅ ሳይቀር። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። በመስኮቱ በኩል ከታች የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«ኪሎውን በስንት ወሰደው?» አለኝ በመጨረሻ።

ነገርኩት።

«በ1983 ከዚህ ይረክስ ነበር» አለና ሳቀ። እኔም ግራ ገባኝ። ይህን ጊዜ ነው ያላየሁትን ታሪክ የነገረኝ።

* * *

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የሌኒን ሐውልት ከቆመበት ወረደ። መጻሕፍቱም ተከተሉት። ትናንት ለውይይት ክበብ ተሸክመዋቸው ይሄዱ የነበሩ ሰዎች በአንድ ሌሊት አደገኛ ወይም የማይረባ ዕቃ ሆኑባቸው። በየሰፈሩ ሱቅ ስኳርና ቡና በማርክስ ገጾች ይጠቀለል ጀመር። ቆሎ ሻጮቹ አንድ ገጽ ገንጥለው እንደ ቀንድ ሾጣጣ አድርገው ይጠቀልሉና ቆሎውን ይሰፍሩበታል። የሞስኮው ወረቀት ወፍራም ስለሆነ ስኳር አያፈስም እየተባለ ተመራጭ ነበር አለኝ አባቴ።

«ለጓዳ ጨው ልገዛ ሄጄ ባለሱቁ አንዱን መጽሐፍ ከመሐሉ ሲገነጥል አየሁት። በኪሎ ነው የገዛሁት አለኝ። እኔም በኪሎ ሽጥልኝ አልኩት። ከዚያ በኋላ ጉድ ሆነ፤ ደሞዝ በመጣ ቁጥር በየሱቁ እየዞርኩ መጠቅለያ እገዛለሁ። እናትህ አብጄ ነበር የመሰላት።»

ግማሽ ኪሎ። አንድ ኪሎ ከሩብ። ለካ ቀልድ አልነበረም፤ ለካ የስኳር ማስታወሻ አልነበረም። በኪሎ የመጡትን ነው በኪሎ የሸኘኋቸው።

«ታዲያ ለምን? ታምንባቸው ነበር?» አልኩት።

«በ1983? ኧረ የምን እምነት!» አለ። «ዕዳ ነበረብኝ።»

ከዚያ ወደ ኋላ ወሰደኝ፤ ወደ 1969 ዓ.ም.። ያኔ የሃያ አራት ዓመት መምህር ነው። ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ባልደረባው እሱ የማይገባበት ነገር ውስጥ ገብቷል። አንድ ማታ ጥቂት ልብስ ሸክፎ ሲወጣ አልጋው ሥር ያለውን የእንጨት ሣጥን እያሳየው፣ «አደራህን፣ ጠብቅልኝ» አለው። በሣጥኑ ውስጥ 60 የሚሆኑ መጻሕፍት ነበሩ። በመጋቢት ወር በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። ሌኒንን ማንበብ ወንጀል አልነበረም፤ አሳሾቹም ያነቡታል። ግን በየትኛው መጽሐፍ ውስጥ፣ በስንተኛው ገጽ «ዴሞክራሲያ» የሚለው የኢሕአፓ ጋዜጣ ተወሽቆ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሌሊት ነው፣ ሻማ ማብራት ያስጠረጥራል፣ በጨለማ ደግሞ መምረጥ አይቻልም። ሁሉንም የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨመራቸው። ፋኖንም፣ የጎርኪ «እናት»ም፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም፣ አንድ ምንም የማያውቅ የአልጀብራ መጽሐፍም።

«በነጋታው አብዮት ጥበቃዎች መጡ፤ ፍራሹን ገለበጡ፤ ምንም አላገኙም፤ ሄዱ። ጉድጓዱ አዳነኝ» አለ አባቴ።

ባልደረባው ሌላ ቦታ ተይዞ ሁለት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ከስቶ፣ እያሳለ መጣ። ሻይ ጠጡ። ከቤት ሰው ጤና ቀጥሎ የጠየቀው ነገር፣ «መጻሕፍቴስ?» የሚል ነበር።

«ምን አልከው?»

«ደኅና ናቸው፤ አገር ቤት ልኬያቸዋለሁ፤ አስመጣልሃለሁ አልኩት።»

እኔና አባቴ ተያየን ልል ነበር፤ እሱ አያይም። ግን ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። የሁለታችን ውሸት በሃምሳ ዓመት ልዩነት ቃሉ ሳይቀር አንድ ነው፤ ሁለታችንም መጻሕፍቱን ወደ ገጠር ነው የሰደድናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የሣጥኑን መጻሕፍት ርዕስ በርዕስ እያስታወሰ በአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ፍለጋ ጀመረ። ሞልቶ ሊመልስለት ነበር ሐሳቡ። 31 እንዳገኘ ባልደረባው በ1979 ዓ.ም. በሕመም ሞተ። ዕውነቱን ሳይነግረው ቀረ። ልጅ አልነበረውም፤ የሚመለስለት ሰው ጠፋ። እነዚያ 31 መጻሕፍት በመስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ቀሩ። በየገጻቸው አንዲት ቃል ተጽፎባቸው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ሲጣል ባየ ቁጥር ያ ጉድጓድ እየታወሰው የማይፈልገውን ሁሉ መሰብሰብ ያዘ።

የአባት ዕዳ ለልጅ ነው ይባላል። እኔ ዕዳውን ሳላውቅ መያዣውን ሸጥኩት።

* * *

ነገሩን ሳሰላስል እንዲህ ይመስለኛል። በዚህች ከተማ መጽሐፍን ጠልቶ የጣለ ሰው እምብዛም አይገኝም። በ1969 የጣለው ፈርቶ ነው። በ1983 የጣለው ተቸግሮ ነው፤ ሻጩም ጠቅላዩም ቤተሰብ ነበራቸው። የእኛ ዘመን ደግሞ ቦታ ስለጠበበው ይጥላል። ፍርሃት፣ ችግር፣ ካሬ ሜትር። የሚጥለው ሰው ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። አባቴም እኔን ያልወቀሰኝ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። የሚያሳፍረው መጣሉ አልነበረም። የሚያሳፍረው ከጣሉ በኋላ «ደኅና ናቸው» ማለቱ ነው።

ለሌኒን 38 ቅጾች አላዝንም። ቆራሌው ወደ ወረቀትነት መለሳቸው፤ ከአይጥ ይሻላል። የሚቆረቁረኝ የመስኮቱ ሥር መደርደሪያ ነው። ጭልፊቱ ሻጭ ከመረጣቸው 47 መጻሕፍት አብዛኞቹ ከዚያ የወጡ ነበሩ። ጥሩ ዓይን እንዳለው ነግሬያችኋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፍለጋ ጀመርኩ። ሻጩ ያስታውሰኛል፤ ግን ያኔ የወሰዳቸውን ለሌሎች ሻጮች አከፋፍሏል። በየመደዳው እያጎነበስኩ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እገልጣለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ፋኖን አገኘሁ። ገጹን ስገልጠው ሰማያዊዋ ቃል አለች። ዋጋውን ጠየቅኩ፤ እኔ ከሸጥኩበት ሰባት እጥፍ ጠራልኝ። ክርክር ጀመርኩ። ሻጩ መጽሐፉን ተቀበለኝና ገጹን አየው።

«እሺ፣ እዚህ ጋ በብዕር የተጻፈበት ነገር አለ» አለ። «ለእሱ ሃምሳ ብር ልቀንስልህ።»

ገዛሁት። አራት ፎቅ ወጣሁ። አባቴ ተቀበለኝና በጣቶቹ ጀርባውን ዳሰሰ፣ አሸተተው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ይኼ እንኳ በጣም አስቸግሮኝ ነበር ያገኘሁት» አለ። ደብዳቤውንም አስጨረሰኝ፤ 18ቱን ለወሰደችው ሴት ላክነው። እስካሁን አምስት መጻሕፍት ተገኝተዋል። እናቴ ስድስተኛውን በብብቴ ይዤ ስገባ ያየች መስሏት፣ «ደግሞ ጀመራችሁ?» አለችኝ። ዳቦ ነበር የያዝኩት።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ አሁን ፍርዳችሁን ስጡ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን አንዲት ነገር ላስቸግራችሁ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛችሁት መጽሐፍ ካለ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥ አድርጉት። በሰማያዊ ብዕር፣ በጥንቃቄ በተጻፈ የመምህር እጅ ጽሑፍ፣ «አደራ» የሚል ቃል ካገኛችሁ እንድትመልሱልኝ አልጠይቅም። አንብቡት። የተስማማችሁበትን አንድ ጊዜ፣ ያልተስማማችሁበትን ሁለት ጊዜ አስምሩበት።